አራተኛዋ ገመድ ያዥ

ያኩሚስ ከመሞቱ በፊት በነበሩት ሁለት በጋዎች ገመዱን ትይዝለት የነበረችው ሚስቱ አኔዚና ናት። የደሴቲቱ ሰው ሁሉ ይህን ያውቅ ነበር፤ ከአፉ ያወጣው ግን አንድም አልነበረም።

የሽርሽር መርከቦቹ ከፒሬየስ ተነስተው በሰባት ቀን ሰባት ደሴት ያዳርሳሉ። እዚህ የሚደርሱት ማክሰኞና ዓርብ ማለዳ ነው። መርከቡ ወደ ወደቡ ግንብ ሲጠጋ አራት ገመድ ያዦች ከፊቱ እስከ ኋላው ተራርቀው ይቆማሉ። መርከበኞቹ ከላይ ሆነው ጫፏ ላይ ኳስ የታሰረባት ቀጭን ገመድ ይወረውራሉ። ገመድ ያዡ ኳሷን ካረፈችበት አንስቶ ይስባል፤ እሷን ተከትሎ የክንድ ውፍረት ያለው ዋናው ገመድ ውኃ እያንጠባጠበ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ያለውን ትልቅ ቀለበት በግንቡ ላይ በተተከለው የብረት ጉቶ ላይ ያጠልቀዋል። ከዚያ ስሙን ይጮኻል።

ስም መጮህ የዚህ ወደብ ልማድ ነው። ከፊት የቆመው ከኋላ ያለውን አያየውም፤ ስለዚህ ገመዱን ያጠለቀ ሁሉ ስሙን ይጠራል፣ አጠገቡ ያለው ተቀብሎ ወደ ፊት ያሳልፋል። አለቃው አራቱንም ስም ከሰማ በኋላ ብቻ እጁን ያነሳል፤ ያን ጊዜ መርከቡ ገመዶቹን ይወጥራል። በሌላ ወደብ በሬዲዮ ነው የሚነጋገሩት። እዚህም ሬዲዮ አለ፤ አለቃው ስታማቲስ ግን የሳጥን ድምፅ አላምንም ብሎ ወገቡ ላይ አንጠልጥሎት ይውላል።

የያኩሚስ ሳንባ አልታዘዝ ሲል አኔዚና አንድ ማለዳ ጃኬቱን ለበሰች፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቧ ደፋች፣ ከኋለኛው ጉቶ አጠገብ ሄዳ ቆመች። ስታማቲስ ከሩቅ ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ቀረብ አለና፣

«እንደምን አደርክ፣ ያኩሚስ?» አላት።

በቃ፣ ያኔ ተወሰነ። ዳቦ ጋጋሪው «ያኩሚስ፣ ዳቦህን ረሳህ» ይላታል። ቄሱ ሳይቀሩ በመንገድ ሲያገኟት «በርታ» ይሏታል። በሴት ድምፅ መጮህ ስለማይሆን ቀለበቱን ስታጠልቅ እጇን ብቻ ታነሳለች፤ ቀጥሎ ያለው ክርስቶዱሎስ «ያኩሚስ!» ብሎ ይጮኽላታል። ባልየው እቤቱ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ስሙ ሲጠራ ይሰማል። ስትመለስ፣ «ዛሬ ቶሎ ያዝኩ አይደል?» ይላታል። ወይም፣ «ዛሬስ ዘገየሁ፣ ምን ነካኝ?»

ደግነት ነበር። አኔዚና ደግነቱን አንድም ቀን አልካደችም።

በጾሙ ሦስተኛ ሳምንት ያኩሚስ ሞተ። ፋሲካ አለፈ። የዓመቱ የመጀመሪያ መርከብ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ከሰዓት፣ ስታማቲስ በሯን አንኳኳ። ስታማቲስ ሴት ልጇን ክርስትና ያነሳላት አበልጇ ነው፤ ባሏ የተቀበረበትን ሣጥን ከፊት የተሸከመውም እሱ ነው። ወንበር ስባ አስቀመጠችው። ጉልበቱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ስለ ነገ ነው የመጣኸው» አለችው።

«ስለ ነገ ነው።» ጉሮሮውን ጠረገ። «እንደ ድሮው ነይ። ጃኬቱም ኮፍያውም አለ። አዲሱ የወደብ መኮንን ወር እንኳ አልሞላውም፤ ያኩሚስን አያውቀውም። ስሙም ዝርዝሩ ላይ እንዳለ ነው። አልሰረዝኩትም።»

አኔዚና የጠረጴዛውን ልብስ ጠርዝ አስተካከለች። «ሞቷል እኮ፣ ስታማቲስ።»

«መሞቱን አውቃለሁ።»

«እንግዲያው በስሜ ጻፈኝ።»

«በስምሽ!» ከወንበሩ ግማሽ ያህል ተነሳ። «ሴት ገመድ ያዥ በየትኛው ወደብ አይተሻል?»

«ሁለት ዓመት ማን ነበር የሚይዝልህ?»

«ያኩሚስ» አለ ስታማቲስ፣ ፊቱ ላይ ሳቅ የሚባል ነገር ሳይታይ።

ይህን ሰው ሠላሳ ዓመት ታውቀዋለች፤ ሲዋሽም ሲሳሳትም ታውቀዋለች። አሁን ግን የትኛው እንደሆነ አልገባትም።

«አበልጄ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያንን ኮፍያ ብታደርጊው ምን ይጎዳሻል? ማንም አይጠይቅሽም። ጥቁርሽን እንደለበስሽ ግንብ ላይ ብትቆሚ ግን ስምንት መቶ ቱሪስት ፎቶ ሲያነሳሽ ይውላል። ሐዘንሽ እንኳ ሳይደርቅ።»

«ሐዘኔን ለእኔ ተውልኝ። ያንሱኝ።»

«እምቢ ካልሽ የእህቴ ልጅ ፓንዴሊስ አለ።»

«ፓንዴሊስ? የጫማውን ክር ማሰር የማይችለው?»

«ክር የሌለው ጫማ ገዝቷል።»

ስታማቲስ የተናገረው ከምሩ ነበር። ለዚህ ነው አኔዚና ሳትወድ የሳቀችው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ወዲያው አፏን ዘጋች። በሩ ድረስ ሸኘችው። እዚያ ሲደርሱም ዞር ብሎ፣ «ኮፍያውን» አለ። እሷ በሩን ዘጋች።

ማለዳ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወጣች። ጥቁር ቀሚሷን ለብሳለች፣ ጥቁር ሻሿን አስራለች፤ ጓንቱ ብቻ የሥራ ነበር፣ እሱም በእጇ ልክ ራሷ የገዛችው። ኮፍያው ከተሰቀለበት ሚስማር አልተነሳም። የሰሜኑ ነፋስ ከሌሊት ጀምሮ አልተኛም፤ የጀልባዎቹ ገመድ በምሰሶዎቹ ላይ ይፋጫል። ዳቦ ጋጋሪው በሩ ላይ ቆሞ ሲያያት፣ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ምን ብሎ ይጥራት?

«ደህና አደርክ፣ ቫንጌሊስ» አለችው እሷ ቀድማ።

«ደህና አደርክ... አደርሽ» አለ ሰውየው፤ ጆሮው እስኪቀላ አፈረ።

ከኋለኛው ጉቶ አጠገብ ስትደርስ ፓንዴሊስ ነጭ ጫማውን አድርጎ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ጥቁር መነጽሩን ሰክቶ፣ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት ዳቦ እየበላ አገኘችው። ሠላሳ ዓመት የሞላው ትልቅ ሰው ነው፤ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን ከማመላለስ በቀር ከባድ ነገር አንስቶ አያውቅም።

«እትዬ አኔዚና፣ አጎቴ እዚህ ቁም ብሎኝ ነው። እኔ ምን ላድርግ?»

«ገመዱ ሲመጣ በየት በኩል እንደምትቆም ታውቃለህ?»

«በ... ከኋላው?»

«ከኋላው ቆመህ ቢበጠስ እግርህን ይዞት ነው የሚሄደው።»

ፓንዴሊስ እግሩን አየ። ከዚያ ነጩን ጫማ አየ። «ካልሽ እንግዲህ» አለና አስር እርምጃ ያህል ርቆ አሳ ማስቀመጫ ሣጥን ላይ ተቀመጠ፤ ዳቦውንም በሰላም ቀጠለ።

ስታማቲስ ከግንቡ ወዲያኛው ጫፍ መጣ። ከጎኑ አዲሱ የወደብ መኮንን ኪሞን ነበር፤ ከአቴና የመጣ፣ ልብሱ ገና የማጠፊያ መስመሩ ያልለቀቀ ወጣት። በእጁ ወረቀት ይዟል። ነፋሱ ወረቀቱን ሊነጥቀው ይታገለዋል።

«አራት ገመድ ያዦች ናቸው የተባለው» አለ መኮንኑ። «ስታማቲስ፣ ኒኪታስ፣ ክርስቶዱሎስ፣ ያኩሚስ። ያኩሚስ የታለ?»

ክርስቶዱሎስ፣ ሰባ ሊሞላው የተቃረበው፣ ከጉቶው ላይ ያለውን ዝገት በጣቱ መፋቅ ጀመረ። ኒኪታስ ባሕሩን አየ። ስታማቲስ አኔዚናን አየ፤ ዓይኑ ይለምናል። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚፈልገው። «አሞት ነው፣ እኔ ልተካው» ብትል እንኳ ይበቃው ነበር።

«ሞቷል» አለች።

መኮንኑ ወረቀቱን ዝቅ አደረገ። «መቼ?»

«በጾሙ።»

«ታዲያ ዝርዝሩ ላይ ምን ያደርጋል?»

«ስህተት ነው፣ ልጄ። በእሱ ቦታ አኔዚና ብለህ ጻፍ። ሥራውን ሁለት ዓመት የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«እኔ በራሴ ሥልጣን ስም መለወጥ አልችልም፣ እመቤቴ» አለ ኪሞን፤ እውነትም ጭንቅ ብሎታል። «የምጽፈው አለቃው የጠራውን ነው። ኃላፊነቱ የእሱ ነው። አቶ ስታማቲስ፣ ማንን ልበል?»

ስታማቲስ ሊመልስ አፉን ሲከፍት መርከቡ ከአፈ ወደቡ ጥሩምባውን ነፋ። ነጭ፣ ከፍታው ከቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት የሚበልጥ መርከብ የማዕበል መመከቻውን ድንጋይ ጫፍ ዞሮ ብቅ አለ። ነፋሱ ጎኑን ይዞ ከግንቡ ሊያርቀው ይገፋዋል። ሰው ለመቀየርም ለመጨቃጨቅም ጊዜ አልነበረም።

«ዛሬን ያዥ» አለ ስታማቲስ በጥርሱ መካከል። «የምጠራው ግን እኔ ነኝ። የማን ስም እንደሚያልፍ የምወስነው እኔ ነኝ። ሰማሽኝ?»

«ሰምቼሃለሁ።»

መኮንኑን አስከትሎ ወደ ፊት ሄደ። ኒኪታስና ክርስቶዱሎስ ቦታቸውን ያዙ። አኔዚና ጓንቷን ጠበቅ አደረገች።

መርከቡ ቀስ እያለ ተጠጋ። ከላይ በየሰገነቱ ተሳፋሪዎቹ የሌሊት ልብስ ለብሰው፣ ስኒ ይዘው፣ ስልካቸውን ወደ ታች አነጣጥረው ቆመዋል። ለእነሱ ይህች አራተኛዋ ደሴት ናት፤ ከምሳ በፊት ገዳሙን፣ ከምሳ በኋላ ባሕር ዳርቻውን አይተው ማታ ወደ አምስተኛዋ ይሄዳሉ። ከኋላ በኩል አንድ አጭር መርከበኛ ኳሷን በእጁ እያወዛወዘ ወደ ታች አየ፤ የሚጠብቀው ኮፍያ ያደረገ ሰው ነበር፣ ያየው ጥቁር የለበሰች ሴት ናት። አመነታ። አኔዚና ክንዷን ከፍ አድርጋ ወደ ራሷ ጠራችው፤ ወርውር!

ወረወረ። ነፋሱ ኳሷን ወደ ጎን ጠለፋት፤ ግንቡ ጠርዝ ላይ ነጥራ ወደ ውኃው ልትመለስ ስትል አኔዚና በእግሯ ረገጠቻት። ከላይ አንድ ሰው አጨበጨበ። እሷ አልሰማችም። መሳብ ጀምራለች። ቀጭኗ ገመድ በጓንቷ ውስጥ ታልፋለች፤ ዋናው ገመድ ከውኃው ጠጥቶ ከብዷል፤ ጀርባዋን ለነፋሱ ሰጥታ፣ እግሯን አንዱን ከሌላው አራርቃ፣ በክንዷ ሳይሆን በጠቅላላ ክብደቷ ሳበች። ያኩሚስ ነው ያስተማራት፤ በክንድ የሚስብ ሰው እስከ ምሳ አይደርስም ይል ነበር። ቀለበቱ የግንቡን ጠርዝ አለፈ። ተሸክማ አነሳችው፣ ጉቶው ላይ አጠለቀችው፣ ወደ ጎን ሸሸች።

ከፊት ስሞቹ ተጠሩ። «ስታማቲስ!» አለ አለቃው ራሱ። «ኒኪታስ!» ተባለ። «ክርስቶዱሎስ!» ተባለ። ሽማግሌው የራሱን ስም እንደጨረሰ፣ እንደ ሁለት ዓመት ልማዱ፣ ወደ እሷ ሳያይ፣ ደረቱን ሞልቶ አየር ሳበ፤ «ያ» ብሎ ሊጀምር ነው።

«አኔዚና!»

ድምፁ ከራሷ እንደወጣ ለማመን ጊዜ ፈጀባት። ሰንጠቅ ያለ፣ ወደ መጨረሻው የተሰበረ ድምፅ ነበር። ክርስቶዱሎስ የሳበውን አየር ይዞ ቀረ።

ከመቶ ሃምሳ እርምጃ በላይ ወዲያ ስታማቲስ ጮኸ። «ኋላ ማነው?»

«አኔዚና!»

«አልሰማሁም! ኋላ ማነው?»

ሰምቷል። ከግንቡ እስከ ምግብ ቤቶቹ ያለ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ዳቦ ጋጋሪው ወጥቷል፣ አሳ ሻጮቹ ቆመዋል፣ ፓንዴሊስ እንኳ ማኘኩን አቁሟል። እጁ አልተነሳም። እጁ ካልተነሳ መርከቡ ገመዱን አይወጥርም፤ ገመዱ ካልተወጠረ ነፋሱ የመርከቡን ጭራ ይወስደዋል። የኋላው ገመድ በውኃው ላይ ልል ሆኖ ተንጠልጥሏል፤ በግንቡና በመርከቡ መካከል ያለው ውኃ ሲሰፋ አኔዚና አየች። አጭሩ መርከበኛ ከላይ እጆቹን ዘርግቶ፣ ምን እየሆነ ነው? ይላል።

የምትፈልገው ያ ውኃ እንዲሰፋ አልነበረም። ቀለበቱን አጥልቃለች፣ ሥራዋን ጨርሳለች፤ የቀረው የእሱ ነው። ግን ስታማቲስ ምን እንደሚጠብቅ ታውቃለች። ዝም ብላ እጇን ብታነሳ፣ ክርስቶዱሎስ ይጮኽላታል፣ መርከቡ ይታሰራል፣ ሁሉም ወደ ቁርሱ ይሄዳል። ዓርብም እንደዚያው። መስከረም እስኪያልቅ፣ ከዚያም በሚመጣው ዓመት እንደዚያው። እሷ ግንብ ላይ ትቆማለች፣ የሚጠራው የሞተ ሰው ይሆናል።

እጇን ከጎኗ አላነሳችም።

«ያኩሚስ ይባልልኝ!» ብሎ ጮኸ ስታማቲስ። ትእዛዝ አይመስልም ነበር።

«ያኩሚስ የለም!» አለች አኔዚና።

ይህን ከቀብሩ ወዲህ ጮክ ብላ ተናግራው አታውቅም። ለቄሱም፣ ለልጇም፣ ለራሷም። የተናገረችው እዚህ፣ በነፋስ ውስጥ፣ በስምንት መቶ እንግዳ ፊት ሆነ። ጉቶውን በአንድ እጇ ተደገፈች፤ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ገመዱን የምታስተካክል ትመስል ነበር። «የለም፣ ስታማቲስ! የያዝኩት እኔ ነኝ! አኔዚና!»

ከላይ ካሉት ተሳፋሪዎች አንዳንዶቹ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ባያውቁም፣ ጩኸት ሲሰሙ መቀላቀል የሚወዱ ነበሩና «አኔዚና!» ብለው ተቀበሉ፤ ሳቅና ጭብጨባ ከሰገነት ወደ ሰገነት ሄደ። ስታማቲስ አንገቱን ቀና አድርጎ በንዴት አያቸው። በእንግዳ አፍ የተጠራ ስም እዚህ ወደብ ላይ አይቆጠርም። እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች።

ያን ጊዜ ክርስቶዱሎስ ወደ አኔዚና ዞረ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ገመዱ ላይ ሆና በቀጥታ ሲያያት የመጀመሪያው ነበር። ሻሿን አየ፣ ቀሚሷን አየ፣ ቀለበቱ በትክክል መጥለቁን አየ።

«ጋሼ ክርስቶዱሎስ» አለችው፣ «እንዳትዋሽልኝ።»

«ደክሞኛል ልጄ፣ መዋሸትም ዕድሜ ይጠይቃል» አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ ፊት መልሶ፣ ሽማግሌ ሳንባው እስከፈቀደለት ድረስ፣ «አኔዚና ይዛለች!» ብሎ ጮኸ።

ኒኪታስ አንዴ ስታማቲስን፣ አንዴ እየራቀ ያለውን የመርከቡን ጭራ አየ። «አኔዚና ይዛለች!» አለ እሱም፤ ይህን ያለው ከአለቃው አምስት እርምጃ ርቆ ስለሆነ አልሰማሁም ማለት አይቻልም።

የስታማቲስ እጅ ተነሳች። ከባድ ነገር የያዘች ይመስል ቀስ ብላ ነው የተነሳችው። መርከቡ ላይ ሞተሩ አጓራ፣ ገመዶቹ ከውኃው ተነጥለው ተወጠሩ፣ ውኃ እንደ ዝናብ ረጩ። ጭራው ተመለሰ። መርከቡ ግንቡን ነክቶ ቆመ።

ስታማቲስ የግንቡን ርዝመት ሁሉ በእግሩ መጣ። ፊቱ ቀልቷል። ከኋላው መኮንኑ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ይከተላል።

«አዋረድሽኝ» አለ። «አበልጄ ሆነሽ! የደሴቱ ሰው ሁሉ እያየ!»

«እጅህን ቶሎ ብታነሳ ሰውም አያይም ነበር።»

«መርከቡ ቢሄድስ ኖሮ?»

«እሱን አንተ ትጠየቅበት ነበር። የእኔ ገመድ ተይዟል።»

«ፓንዴሊስን ምን ልበለው?»

ሁለቱም ወደ ፓንዴሊስ ዞሩ። ፓንዴሊስ የቀረውን ዳቦ ከፍ አድርጎ አሳያቸው፤ እኔ ደህና ነኝ እንደማለት።

«እሱስ የተገላገለ ነው የሚመስለው» አለች አኔዚና።

መኮንኑ ትንሽ አሳለ። «አቶ ስታማቲስ፣ ስሙን...»

«ስጠኝ» አለ ስታማቲስ። ወረቀቱን ነጥቆ ጉቶው ላይ ዘረጋው፤ እስክሪብቶውን ይዞ አራተኛው መስመር ላይ ደረሰ። እዚያ ቆመ። ያኩሚስ የሚለው ስም ላይ አፍጥጦ ብዙ ቆየ፤ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሳይነካ።

አኔዚና ያን ጊዜ ገባት። ትናንት በወንበሯ ላይ ተቀምጦ «ያኩሚስ» ብሎ ሲመልስላት፣ እየዋሸም እየተሳሳተም አልነበረም።

አልተቀየመችውም፤ ግን አልራራችለትም። እጇን አልዘረጋችለትም። «ሰርዘው» አለችው በቀስታ። «እኔ ጮክ ብዬ ተናግሬዋለሁ። አንተ ደግሞ ጻፈው።»

ሰረዘው። አጠገቡ ስሟን ጻፈ፤ ፊደሎቹ ትልልቅና ጠማማ ነበሩ። ወረቀቱን ለመኮንኑ መለሰና በጃኬቱ እጅጌ አፍንጫውን ጠረገ።

«ሠላሳ ዓመት በየማለዳው የጠራሁት ስም ነው» አለ። «ከአሁን ወዲያ ማን ይጠራዋል?»

«ሐሙስ አርባው ነው። ቄሱ ይጠሩታል፣ ስንዴውም ለነፍሱ ይቀቀላል። ና፣ እዚያ ከእኔ ጋር ቁምና የፈለግኸውን ያህል ጥራው። እዚህ ግን አይጠራም።»

ስታማቲስ ራሱን ነቀነቀ። ሊሄድ ዞር ካለ በኋላ ተመለሰ፤ አለቃ ነውና የአለቃ ነገር ሳይናገር አይሄድም። «ዓርብ በአስራ ሁለት ሰዓት ነው። ድምፅሽን አሞቂው፤ ተሰንጥቋል።»

«አንተ ጆሮህን አሞቀው።»

የመውረጃው ድልድይ ተዘረጋ። ተሳፋሪዎቹ ደረታቸው ላይ ቁጥር ለጥፈው፣ ባርኔጣቸውን በነፋሱ ላይ ይዘው፣ በብዛት መውረድ ጀመሩ። አስጎብኚዋ ከፊት ዘንግ ይዛ፣ መንገዱን እንድትለቅላት ለአኔዚና በእጇ ምልክት ሰጠች። አኔዚና ጓንቷን አውልቃ ጉቶው ላይ አስቀመጠች፤ ገመዱ እንዴት እንደተወጠረ ለማየት ጎንበስ አለች፤ ከቦታዋም አልተነቃነቀችም። ስምንት መቶው ሰው ግራና ቀኝ ተከፍሎ ዞሯት አለፈ።